የአዋሌ አራተኛ ትእዛዝ

አዋሌ የሞተው ሐሙስ በአስር ሶላት ሰዓት ነው። ናዋል የተጠራችው ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ ያውም በግድ ነበር። የእሳት መንስኤ መርማሪ ሳይፈርምበት መዝገቡ አይዘጋም የሚል ደንብ ባይኖር ኖሮ ኢንስፔክተር ጌዲ ባልደወለላት ነበር።

«ፊርማሽን ብቻ ነው የምፈልገው» አላት በቀለም መጋዘኑ በር ላይ፣ ወረቀቱን ወደ ደረቷ እየገፋ። «ልጁ አምኗል።»

«የትኛው ልጅ?»

«ካሚል፣ ኢትዮጵያዊው ቲነር ቀጂ። ከበርሜል ሊሰርቅ ሲቀዳ ሲጋራ ለኮሰ፣ እሳቱ ተነሳ፣ በርሜሉ አዋሌ ላይ ወደቀ። ከአስር ሶላት በኋላ ለዐቃቤ ሕግ አስረክበዋለሁ።»

«እንግዲያው እስከ አስር ድረስ የኔ ነው» አለችና ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ጌዲ ፊቱ ጠቆረ። ሁለቱም ያደጉት ኢትዮጵያ ነው፤ እሱ ጅግጅጋ፣ እሷ ድሬዳዋ። አንድ ቋንቋ መናገራቸው ግን አላዋደዳቸውም፤ እንዲያውም ለመሰዳደብ አመቻቸው። አምና አንድ መዝገቡ ላይ አልፈርምም ብላ አለቃው ፊት አሳፍራዋለች፤ ያንን ቀን እስከ ዛሬ በልቡ ይዞታል።

ከበሩ ውጪ ሶማሌዎቹ የኮድቡር ሰፈር ጎረቤቶች ተሰብስበዋል። ልጆቻቸው በሚተኙበት ግድግዳ ሥር ሁለት መቶ በርሜል ቲነር መኖሩን ያወቁት እሳቱ የጎረቤት ጣሪያ ሲልስ ነው። ቁጣቸው በባለንብረቱ በዳሂር ላይ ይሆናል ብሎ የጠበቀ ሰው ካለ ተሳስቷል። ድንጋይ የሚወረውሩት ካሚል በካቴና የተቀመጠበት የፖሊስ መኪና ላይ ነበር። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው።

አስከሬኑ አርብ ከጁምዓ በፊት ተቀብሯል። ለናዋል የቀረላት ሦስት ፎቶግራፍና አንድ የሐኪም መስመር ብቻ ነው፦ «የራስ ቅል ከኋላ ተሰብሯል፣ ገላ ተቃጥሏል።» ሐኪሙ ሌላ ነገር የመጻፍ ጊዜም ፍላጎትም አልነበረውም።

የበርሜሉ መጋዘን ከግቢው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው። ከበሩ ውጪ አዋሌ በገዛ እጁ በሶማልኛና በአማርኛ የጻፈው ሰሌዳ ግማሹ ጠቁሮ ቆሟል። የግቢው የአደጋ ጊዜ ኃላፊ እሱ ነበር። ናዋል ጥላሸቱን በመዳፏ ጠርጋ አነበበችው። አንድ፣ ቲነር ሲፈስ እሳትና ስልክ ይራቅ። ሁለት፣ ነፋስን ከኋላ አድርገህ ቁም። ሦስት፣ ማስክና አሸዋ ሳትይዝ አትጠጋ። አራት፣ ገላህን ከነካ ጫማህንም ልብስህንም ወዲያው አውልቅ፣ በብዙ ውኃ ታጠብ። አምስት፣ የቲነር እሳት ላይ ውኃ አትርጭ። ከሥሩ በደማቅ ቀለም «ሰነፍ ሆነህ ከምትሞት እኔን ጠልተህ ኑር» ብሎ ጨምሮበታል። ናዋል ሰውየውን በሕይወት ሳታውቀው ወደደችው።

ከበሩ ጎን የአሸዋው አካፋና የአዋሌ ማስክ ከሚስማራቸው ሳይወርዱ ተንጠልጥለዋል። እሳቱ ጫፋቸውን ብቻ ነክቷቸዋል። ውስጥ ገብታ የተጋደመውን በርሜል አየች። ክዳኑ ሁለት ክንድ ርቆ ወድቋል። አንስታ ጥርሱን በጣቷ ዳሰሰችው፤ አልተሰበረም፣ አልተጣመመም። በመፍቻ ተፈትቶ የወጣ ክዳን ነው።

«ለመስረቅ ፈትቶት ነዋ» አለ ጌዲ ከኋላዋ።

«ለመስረቅ የፈታ ሰው ጀሪካን ይይዛል። ጀሪካኑ የታለ?»

«ተቃጥሎ ይሆናል።»

«ጀሪካን ሲቃጠል ቀልጦ መሬት ላይ ይቀራል እንጂ ወደ ሰማይ አያርግም» አለችና ሳትዞር ወጣች።

ሐሙስ ዕለት ለሶላት የግቢው በር ከውስጥ ተቀርቅሮ ነበር። ከሟቹ ሌላ ውስጥ የነበሩት አምስት ሰዎች ናቸው፦ ባለቤቱ ዳሂር፣ ሱፐርቫይዘሩ ሳሚር፣ የፎርክሊፍት ሹፌሩ ኢርፋን፣ ካሚል፣ ሻይና ምግብ የምትሠራው የካሚል እህት ሀሲና። በዚያ ግቢ ሁሉም ኢትዮጵያ የኖረ ወይም የተማረ ስለሆነ የሥራው ቋንቋ አማርኛ ነው፤ ጥላቻውም እንደዚያው።

ዳሂር ቢሮው ውስጥ ወንበር እንኳ አልሰጣትም።

«መጋዘኔን ልታዘጊ ነው የመጣሽው። አዋሌም ይኼንኑ ነበር የሚፈልገው፣ አላህ ይርሐመው። ከመኖሪያ ሰፈር ውጣ እያለ ዓመት ሙሉ ጨቀጨቀኝ።»

«ስለዚህ ሞቱ አልከፋህም?»

«ከፍቶኛል። ጭቅጭቁ ሲቀር ግን እፎይ ብያለሁ፤ ወላሂ፣ አልዋሽሽም።»

«የመጨረሻው ጭቅጭቅ ምን ነበር?»

«ቲነሩ የቤንዚን ሽታ አለው አለኝ። ቅዳሜ ጠዋት፣ ማለት ዛሬ፣ በርሜሎቹን ሁሉ እፊትህ ከፍቼ አሳይሃለሁ ብሎ ነበር። እሺ ብዬዋለሁ።»

«ይህን ሌላ ሰው ሰምቷል?»

«ሲናገር የሚጮህ ሰው ነበር። ያልሰማ የለም።»

«ጩኸቱ ሲመጣ የት ነበርክ?»

«ሰሌኑ ላይ። አሰግድ ነበር። ኢርፋን ከኋላዬ ነበር፤ ሳሚርም ደረሰ። ሶላቱን አቋርጠን በባዶ እግራችን ሮጥን።»

ኢርፋን የሐረር ልጅ ነው። ጥያቄዋን ሳትጨርስ ቀደማት። «አቦ፣ እኔን አትንኪኝ። አዋሌ ፎርክሊፍቱን ቀምቶኝ ነበር፣ አዎ። በፍጥነት ትነዳለህ ብሎ ቁልፉን ኪሱ ከተተው። ሰደብኩት፣ በቃ። ለዚህ ሰው አልገድልም።»

«ስትሮጥ ምን ተጫምተህ ነበር?»

«ምንም። ለሶላት ስንታጠብ የምናጠልቃቸው የውዱእ ሸበጦች እዚያው ነበሩ፣ ግን ማን ቆሞ ሸበጥ ይመርጣል?»

«ሳሚርስ?»

«እሱ ዘግይቶ፣ ሶላቱ ከተጀመረ በኋላ በሁለተኛው ረከዓ ነው የገባው። ንጹሕ ሰው ነው፤ እግሩ መሬት እንዲነካ አይወድም። ውዱእ እንዳደረገ ካልሲውን አጥልቆ በሸበጥ ይመጣል። ለእሳቱም ከኛ ኋላ ነው የደረሰው፤ ሴፍቲ ጫማውን ግጥም አድርጎ አስሮ። ከዚያ እስከ ምሽት ድረስ እኛን ሲያዝ ዋለ።»

ሳሚር ራሱ ይህን ሲናገር አላፈረም። ረጅም፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ንግግሩ የተመጠነ ሰው ነው። ቲነሩን ከጭነት መኪና ተረክቦ በርሜል የሚሞላው እሱ ነው።

«እሳት ላይ በሸበጥ የሚሮጥ ሞኝ ነው» አላት። «ማሰሪያዬን አስሬ ሄድኩ። አዋሌ ያስተማረን ይህንኑ ነው። እኔ ባልኖር ሰፈሩ ሁሉ ይነድ ነበር፤ ይህን ጻፊው።»

«እጽፈዋለሁ» አለች፤ ጻፈችውም።

ወደ ፖሊሱ መኪና ስትሄድ አንድ ጠጠር ትከሻዋን መታት። ማን እንደወረወረው ዞራ አላየችም። ካሚል ሁለቱም መዳፎቹ በፋሻ ተጠቅልለዋል። ፊቱ ላይ ግን እሳት የነካው ነገር የለም።

«ሲጋራውን የት ለኮስከው?»

«በርሜሉ አጠገብ።»

«የፈሰሰ ቲነር መሃል ክብሪት የጫረ ሰው ቅንድብ አይተርፈውም። ያንተ ቅንድብ ሙሉ ነው።»

ካሚል በፋሻ የተጠቀለሉ መዳፎቹን አንስቶ ቅንድቡን ሸፈነ።

«ውኃ ረጭተሃል ይላሉ። አምስተኛውን ትእዛዝ ታውቀው የለም ወይ?»

«ቲነሩ ላይ አልረጨሁም» አለ። «ሰውየው ላይ ነው። ይነድ ነበር። እግሩን ይዤ ጎተትኩት። ጠዋት በጥፊ ሲጋራ ከአፌ ያስጣለኝ እሱ ነው፣ ግን ሰው ነው።»

«ለማን ብለህ ነው የምትዋሸው?»

ካሚል ዓይኑን ወደ ማዕድ ቤቱ ቆርቆሮ ላከና ቶሎ መለሰው። ናዋል ከዚህ በላይ አልጠየቀችውም።

ከመጋዘኑ ደፍ ጀምሮ የሲሚንቶ ቦይ ግድግዳውን ታክኮ ቁልቁል እስከ ማዕድ ቤቱ ይወርዳል። ውስጡ የበቀለው ደረቅ ሣር ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ተቃጥሏል። በቦዩ ጫፍ ክብ፣ አመድ የሌለበት ንጹሕ ቦታ አለ። የከሰሉ ምድጃ ግን እዚያ የለም፤ ከውኃው በርሜል ጀርባ ማዳበሪያ ለብሶ ተሸሽጓል።

ሀሲና ቢላዋ በእጇ ይዛ ቆማ ተቀበለቻት። «ወንድሜን ወስዳችኋል። ምን ቀራችሁ?»

«ምድጃውን ለምን አነሳሽው?»

«ሁልጊዜ እዚያ ነው።»

«ሀሲና፣ እሱ አንቺን ለማዳን እስር ቤት ሊገባ ነው። አንቺ ደግሞ ዝም ብለሽ ልትሸኚው ነው። ይህ ነው እህትነት?»

ቢላዋው ከእጇ ወደቀ። መሬት ላይ ተቀምጣ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ልትሰግድ ጓዳ ገብታ ነበር፤ ምድጃው ላይ የሻይ ማንቆርቆሪያ ጥዳ። ቦግ ብሎ የተነሳ ነበልባል ከምድጃዋ ተነስቶ በቦዩ ሽቅብ ሲሮጥ በመስኮት አየችው። ካሚልም በግቢው በር ዘብ ቆሞ ሳለ አይቶታል። «በእሳት ሰው ገደለች ይሉኛል ብዬ ፈራሁ» አለች። «እሱ ዝም በይ አለኝ። እኔ ወንድ ነኝ እችለዋለሁ አለኝ።»

«ምድጃው እዚህ እንዲሆን ያደረገው ማን ነው?»

«አዋሌ ሁለት ጊዜ አንሱት ብሎ ጽፏል። የቲነር ትነት ከአየር ይከብዳል፣ እንደ ውኃ ቁልቁል ይወርዳል ብሎ በልምምድ ቀን ለሁላችንም አሳይቶናል። ሳሚር ነው ይቆይ ያለው። ወረቀቱ ቢሮ አለ፣ ፈርሞበታል።»

ናዋል ከዚያ ወደ ሰሌኑ ሄደች። ሐሙስ ሶላቱ ከተቋረጠ ወዲህ ማንም እዚያ አልሰገደም፤ ሰሌኑ እንደተነጠፈ፣ ሸበጦቹም እንደተበተኑ ናቸው። አንድ በአንድ ገለበጠቻቸው። አምስተኛው ጥንድ ከሰሌኑ ጠርዝ ጋር ተጣብቆ አልላቀቅ አላት። ሶሉ አብጧል፤ ቀልጦ የደረቀ ማስቲሽ ይመስላል። ጠጠር ተሰክቶበታል፣ የሰሌኑም ፈትል ታትሞበታል። ቲነር ላስቲክን እንደዚያ ነው የሚያደርገው። በፕላስቲክ ከረጢት አሰረችው። ከዚያ ከእሳት የተረፈ አንድ በርሜል አስከፍታ አሸተተች። ውስጡ ግማሽ ያህሉ ቤንዚን ነው።

የአስር አዛን ሲሰማ ጌዲ ሰዓቱን አሳያት። «ጊዜሽ አለቀ።»

«መጀመሪያ ይሰገድ» አለች። «ከዚያ ሁሉንም ሰሌኑ ላይ ሰብስብልኝ፣ ካሚልንም ጨምረህ። ውዱእ ሲያደርጉ እግራቸውን እይ።»

«እግራቸውን?»

«ዓይን አለህ አይደል?»

እሷ ከማዕድ ቤቱ ጥግ ሆና ተመለከተች። ዳሂር እግሩን እስከ ቁርጭምጭሚቱ አጠበ። ኢርፋንም በጣቶቹ መሃል እያሻሸ ታጠበ። ሳሚር እርጥብ እጁን በካልሲው ላይ አበሰና ተነሳ። ዳሂር ዘወር ብሎ «አንተ፣ ከመቼ ወዲህ ነው እግርህን ሳትታጠብ በስስ ካልሲ ላይ የምታብሰው?» አለው። ሳሚር አልፎት ሄዶ ሰሌኑ ላይ ቆመ።

ከሶላቱ በኋላ ሁሉም ሰሌኑ ዙሪያ ቆሙ። ካሚል በካቴና፣ ሀሲና አጠገቡ። ማንም ማንንም ለማየት አይፈልግም ነበር።

«ይህ ድራማ ነው» አለ ሳሚር።

«አጭር ነው፣ ታገሥ» አለች ናዋል። «አዋሌ ሦስተኛውን ትእዛዝ የጻፈ ሰው ነው። የፈሰሰ ቲነር ቢያይ መጀመሪያ የሚያነሳው ማስኩንና አካፋውን ነው። ሁለቱም ከሚስማራቸው አልወረዱም። ስለዚህ እሱ ሲገባ የፈሰሰ ነገር አልነበረም። ቲነሩ የፈሰሰው እሱ ከወደቀ በኋላ ነው።»

«በርሜሉ ወድቆበት…» አለ ዳሂር።

«የሚወድቅ በርሜል ክዳኑን በመፍቻ አይፈታም። አንድ ሰው አዋሌን ከኋላ መታው፣ ክዳኑን ፈታ፣ በርሜሉን አጋደመ። ከዚያ ክብሪት አልጫረም፤ አላስፈለገውም። ትነቱ በቦዩ ቁልቁል ወርዶ የሀሲናን ምድጃ አገኘ፤ እሳቱም በመጣበት መንገድ ሽቅብ ተመለሰ። ሣሩ ምስክር ነው። ይህ ደቂቃዎች ይፈጃል።»

ሀሲና «ምድጃው የኔ ነው» አለች።

«የምድጃው ቦታ ግን ያንቺ አይደለም። ይቆይ ብሎ የፈረመ ሰው አለ። እነዚያን ደቂቃዎች ገዳዩ ምን አደረገባቸው? ሄዶ ሰገደ። እስካሁን ሁላችሁም ‹እሳቱ ሲነሳ ሰሌኑ ላይ ነበርኩ› እያላችሁኝ ነበር። በዚህ የሚድን የለም፤ ገዳዩም ሰሌኑ ላይ ነበር።» ከረጢቱን ከፍታ ሸበጡን አወጣች። «ቲነሩን የረገጠው ሰው በዚህ ሸበጥ መጣ። ሶሉ ቀልጦ ሰሌኑ ላይ ተለጠፈ።»

«የውዱእ ሸበጥ የሁሉም ነው» አለ ሳሚር። «ስም የለውም።»

«ልክ ነህ፣ ስም የለውም። ለዚህ ነው ስለ ሩጫው የጠየቅኳችሁ። እሳት ተብሎ ሲጮህ ዳሂርና ኢርፋን በባዶ እግራቸው ሮጡ፤ እግራቸው ዛሬ ደኅና ነው፣ አሁን ታጠቡት። አንድ ሰው ብቻ ቁጭ ብሎ ማሰሪያ አሰረ፤ ሸበጡ በቲነር መራሱን ያውቃልና በእሱ ወደ እሳት መሄድ አልደፈረም። እሱ ራሱ ከጥንቃቄ ነው አለኝ። እንግዲህ ንገሩኝ፤ በባዶ እግሩ የሮጠው ይታጠባል፣ ጫማውን አስሮ የቆመው እግሩን በካልሲ ይሸሽጋል። ይህ እንዴት ይሆናል?»

ሁሉም የሳሚርን እግር አዩ።

«ጫማ ልጦኝ ነው» አለ።

«ሁልጊዜ የምትሠራበት ጫማ ሐሙስ ዕለት ላጠህ? ኢርፋን፣ የሳሚርን ሎከር ክፈትና ጫማውን አምጣው።»

ኢርፋን እየሮጠ ሄደ፣ ጫማውንም ለጌዲ ሰጠው። ጌዲ በጥርጣሬ ከውጭ አገላበጠው። ቆዳው ደረቅ ነው፣ ሶሉ ጠንካራ ነው። ከዚያ እጁን ወደ ውስጥ ሰደደ። የውስጡ ሶል ማስቲሹ ተፈትቶ እንዳለ በእጁ ወጣ። ወደ አፍንጫው አስጠጋው፤ ፊቱ ተለወጠ።

«ቤንዚን» አለ ዝግ ብሎ።

«ከውጭ ደረቅ፣ ከውስጥ የተፈታ» አለች ናዋል። «ቲነሩ ጫማው ውስጥ የገባው በካልሲ ነው። ውዱእ አድርጎ ካልሲውን አጥልቆ በሸበጥ ወደ መጋዘኑ ገባ፤ በርሜሉ ሲጋደም እግሩ ላይ ፈሰሰ። በዚህ ግቢ ሁሉም ቲነር ይሸታል፤ ማን ይለየዋል? በእርጥብ ካልሲ ሰገደ፣ በላዩ ጫማውን አሰረ፣ እስከ ምሽት ድረስ ጀግና ሆኖ ሲያዝ ዋለ። የታፈነ ቲነር ሥጋ ይበላል። ለምን እንደገደለውም ግልጽ ነው፤ ቲነሩን በቤንዚን የሚያበዛው እሱ ነበር፣ ዛሬ ጠዋት በርሜሎቹ ሊከፈቱ ነበር።»

ሳሚር ዘወር ብሎ ወደ በሩ ተመለከተ። የተተኮሰው ሸሚዙ ብብቱ ሥር በላብ ረጥቧል።

«አንድ ቅዳሜ ብቻ ነው የለመንኩት» አለ በመጨረሻ። «ለሳምንት አሻግረው፣ በርሜሎቹን አወጣቸዋለሁ አልኩት። ሳቀብኝ። ይኼ ሁሉ ልጅ በሚተኛበት ሰፈር ቤንዚን ደብቀህ ሳምንት ትላለህ አለኝ። ጀርባውን ሲሰጠኝ መፍቻው እጄ ላይ ነበር።»

ዳሂር ምራቁን መሬት ላይ ተፋ። ጌዲ ካቴናውን ከካሚል እጅ ፈትቶ ሳሚር ላይ አሰረው፤ ለናዋል ምስጋና የሚባል ነገር ከአፉ አልወጣም። «የሐሰት ቃል ሰጥቶኛል፣ ልጁን ደግሜ እፈልገዋለሁ» ብቻ አለ። ሳሚር ወደ በሩ ሲሄድ ያነክስ ነበር። ከሰሌኑ እስከ ቧንቧው ሦስት እርምጃ ነው፤ ሐሙስ ዕለት ሦስት እርምጃ ተራምዶ ካልሲውን አውልቆ ቢታጠብ ኖሮ ዛሬ ማንም አይይዘውም ነበር። ማንም እንዳያየው ፈርቶ አራተኛውን ትእዛዝ ጣሰ። ጎረቤቶቹ መኪናው ውስጥ የገባውን ሰው ሲያዩ እጃቸው ላይ የነበረው ድንጋይ ከበዳቸው፤ የገዛ ጎሳቸው ልጅ ነበር።

ናዋል የጌዲን ወረቀት ከቦርሳዋ አውጥታ ቀደደችው፣ አዲስ መጻፍም ጀመረች። ቀና ስትል ካሚል በፋሻ በተጠቀለሉ መዳፎቹ ማዳበሪያውን ገፎ ምድጃውን በክርኖቹ መሃል አቅፎ አነሳው። እህቱ ልታግዘው እጇን ዘረጋች፤ አልሰጣትም። በግቢው መሃል አልፎ፣ በተከፈተው በር ወጥቶ፣ በጎረቤቶቹ መሃል አቋርጦ፣ ከመንገዱ ማዶ ነፋሱ ከሚመጣበት ወገን አስቀመጠው። አዋሌ ሁለት ጊዜ ጽፎ ያላገኘው ይህንን ነበር።